ለቲማቲም ድጋፍ ስለሆነው ዘንግ

«የላክህልኝ ዘንግ ለቲማቲሙ ጥሩ ድጋፍ ሆኗል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዓሣ ግን አይዝም። አራቱን ገጽ ምክር ሊሚ አንብባልኛለች፤ እስከ ሁለተኛው ገጽ ሰምቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከእንግዲህ ልብሱ የማይረጥብ ሰው ስለ ዓሣ ባይመክረኝ ደስ ይለኛል።»

ወንድም ጋሼ፣ ይህ ጥቅምት 12 ቀን የደረሰኝ ደብዳቤህ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። እንዲህ ያለ ነገር ለጻፈ ሰው ሰላምታ እንደማልልክ ለኢየሩ ነግሬያት ነበር። እሷ ግን ሰላምታው የእግዚአብሔር ነው፣ ቁጣው የአንተ ነው፣ ሁለቱን አታደባልቅ አለችኝ። ሚስቴ ትክክል ስትሆን ዝም እላለሁ፤ ይህን ከሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ተምሬያለሁ።

ስለዚህ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ቀኝ እጅህስ? ሐኪሙ ያዘዘልህን የጣት ልምምድ ጠዋትና ማታ ትሠራለህ ወይስ እንደ ሌላው ምክር ሁሉ አስተኝቶሃል? የግፊት መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውጣለህ? የቤትህ እመቤት እትዬ ቦሰና እንደምን ናቸው? ጉልበታቸው ብርዱ ሲገባ አላስቸገራቸውም? ልጅህ ሊሚስ ከማስተማሩ ሥራ ጋር እንዴት ናት? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁን ደህና ነን። ከእንጦጦ የሚወርደው የኅዳር ብርድና ከዝዋይ የመጣው ደብዳቤ ካልሆኑ በቀር የነካን የለም።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልመለስ። እኔ ተማሪ ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ልማዴ መሆኑን ታውቃለህ። ያንተንም አስምሬበታለሁ። «ዓሣ ግን አይዝም» በሚለው ስር ሁለት ጊዜ አስምሬአለሁ፤ ምክንያቱም ስህተት ነው፣ ስህተት መሆኑንም አረጋግጫለሁ። «ልብሱ የማይረጥብ ሰው» በሚለው ስር ግን ላሰምር እጄን ካነሳሁ በኋላ መለስኩት። እሱ ስድብ እንጂ ስህተት አልነበረም።

ዘንጉን ለምን እንደገዛሁት አንድም ጊዜ በትክክል አልነገርኩህም። ግንቦት ላይ ስትሮክ መትቶህ ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ አልጋህ አጠገብ ቆሞ የተናገረውን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ብቻህን ውሃ ውስጥ እንዳትገባ አለህ። አንተም እሺ አልክ። ሰኔ ሳይጋመስ ገባህ። እኔ ይህን ስሰማ መቀመጥ አልቻልኩም። ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ክር ሠላሳ ሜትር የሚወረውሩበት ዘንግ እንዳለ አንብቤ ስለነበር መርካቶን ሁለት ቀን ዞሬ አገኘሁት። ለመስቀል እንዲደርስህ ብዬም አራት ገጽ መመሪያ ጨምሬ ላክሁ። ስለ ነፋስ ጻፍኩ፣ ስለ ክር ውፍረት ጻፍኩ፣ ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደሚሰበርና ዓሣው ዓይንህ ባየው ቦታ ላይ እንደሌለ በሥዕል አስረዳሁ። ይህን ሁሉ ዓሣ ሲያጠምድ አርባ አምስት ዓመት ለኖረ ሰው።

በአንድ መስመር መጻፍ እችል ነበር። ወንድሜ፣ አንድ ቀን ውሃው ውስጥ እንዳትቀርብኝ እፈራለሁ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እሱን መጻፍ አቃተኝና ስለ ዓሣ አራት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ዓሣ መጻፍ ቀላል ነው።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ሳምንት የወሰንኩት ግን መጸጸትን አልነበረም፤ አንተን በማስረጃ መርታትን ነው። ዘንጉን ስገዛ ሁለት ነበር የገዛሁት፣ አንዱን ለአንተ አንዱን ለእኔ። የእኔን ይዤ በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ወረድኩ። ታጣፊ ወንበር፣ የውሃ ሙቀት መለኪያ፣ ሦስት ዓይነት መንጠቆ፣ የዓሣ ቅርጽ ያላቸው የሚያብረቀርቁ ፕላስቲኮች፣ ደብተርም ይዤ ነበር። ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ የውሃውን ሙቀት መዝግቤአለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የያዝኩት ዓሣ፣ ዜሮ። በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ የሰው ነጠላ ጫማ ይዣለሁ፤ የግራ እግር ነው። ሮሐ ልጄ ደብተሩን አይታ አባዬ ይኼ ጥናት ማስተካከያ ያስፈልገዋል አለችኝ። እኔ ለተማሪዎቼ የምለውን መልሳ ነው የነገረችኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አብዱልሰላም አብሬህ ካልሄድኩ አለኝ። አብዱልሰላምን አታውቀውም። ከቤታችን ቁልቁል፣ ታክሲ ተራው ጋ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ወሎ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ እድሜውም ከእኔ እኩል ነው። በየቅዳሜው ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክሜ ስወጣ፣ ማታ ደግሞ ባዶዬን ስመለስ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ሲያየኝ ሰንብቶ ነበር። ሱቁን ለባለቤቱ ለኡሙሀኒ ትቶ መጣ። የያዘው አንድ የሸንበቆ ዘንግ፣ ጥቂት ክርና አንድ መንጠቆ ነው። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ዳቦ ነበረው። ቁርሱ መስሎኝ ነበር።

በሚኒባሱ ውስጥ ዕቃዬን አንድ በአንድ እያነሳ ጠየቀኝ። ይኼ ምንድን ነው፣ ያስ ምንድን ነው። ለእያንዳንዱ አስረዳሁት። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ያየ ዓሣ ሰርግ የተጠራ መስሎት ለብሶ ነው የሚመጣው አለኝ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ እኔ እንደ ልማዴ ዘንጌን ገጣጥሜ ቆምኩ። እሱ ዳርቻውን እየተራመደ ውሃውን ሲያይ ቆየ። ክሩን እንኳ አልፈታም። ሩብ ሰዓት ያህል ሲያይ ቆይቶ ፊላው ጥግ ተቀመጠ፣ ዳቦውን ከኪሱ አውጥቶ በምራቁ አርሶ አድቦልቡሎ መንጠቆው ላይ ሰካ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደብተሬ ላይ መዝግቤዋለሁ። አብዱልሰላም ሰባት ቆሮሶ ዓሣ። እኔ ዜሮ።

ነፋሱ ከአንተ በኩል ነው አልኩት። ፊላው ጥላ ስለሆነ ነው አልኩት። እሱ ዳቦውን አድቦለቦለ። ስምንተኛውን ሲያወጣ ዞሮ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና እንዲህ አለኝ።

«ቲቸር፣ ፀሐይ ልትሞቅ ነው ወይስ ዓሣ ልትይዝ የመጣኸው? ጥላህ ከአንተ ቀድሞ ውሃ ገብቷል እኮ።»

ወንድም ጋሼ፣ እኛ የጉለሌ ሰዎች ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን እንቆማለን። ብርዱ ያስተማረን ነው፤ ታክሲ ስንጠብቅም፣ ሰው ስናነጋግርም፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይም እንዲሁ ነን። ባቦጋያም ሄጄ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጀርባዬን ለምሥራቅ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ውሃው አድርጌ ቆምኩ። ረጅም ጥላዬ መንጠቆዬን የምጥልበት ቦታ ላይ ተጋድሞ ነበር። ስለ ብርሃን ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ለወንድሙ የብርሃን ስብራት በሥዕል የሚያስረዳ ሰው የራሱን ጥላ አላየም።

አብዱልሰላም ይህን ሲለኝ የሰማሁት ግን የእሱን ድምፅ አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባታችን በሞተ በዓመቱ ዝዋይ ደንገሉ ዳር ይዘኸኝ ሄደህ የነገርከኝ ትዝ አለኝ። «ጥላህን ሰብስብ፤ ቤታቸው ጣራ ላይ ቆመሃል» ነበር ያልከኝ። ከዚያም አስቀመጥከኝ። ክሩን በቀኝ ሌባ ጣቴ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠምከውና ዓይንህን ጨፍን፣ ጣትህ ይይ አልከኝ። ቆሮሶ እንደ ዶሮ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ አምባዛ እንደ ሰነፍ አህያ ይጎትታል፣ ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ ትሉን በልቶብህ ሄዷል አልከኝ። ክሩ በተነካ ቁጥር ምን እንደሆነ ስናገር፣ ስሳሳትም ስትስቅብኝ፣ ሳገኘው ጭንቅላቴን ስትዳብሰኝ ዋልን። ያን ቀን ከእኔ ጋር ለመዋል ከትምህርት ቤት እንደቀረህ፣ ከዚያም በኋላ ተመልሰህ እንዳልገባህ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ የተማርኩት በአንተ ጣት ነው። ይህን ደግሞ በአራቱ ገጽ ውስጥ አልጻፍኩትም።

ተቀመጥኩ። ጥላዬን ሰበሰብኩ። የሚያብረቀርቁትን ፕላስቲኮች አውልቄ ከአብዱልሰላም ዳቦ ለመንኩ። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚያው በመርካቶው ዘንግ ሁለት ቆሮሶ ያዝኩ። የመጀመሪያው ሲነካ ገና ሳላየው ጣቴ አወቀው፤ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ። አብዱልሰላም ዓሣውን አይቶ ይኼማ ገና የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው ብሎ ትንሹን መልሶ አስጣለኝ። ስለዚህ በመዝገብ ያለው አንድ ነው።

እንግዲህ ዘንጉ ዓሣ ይይዛል። ያሰመርኩበት ትክክል ነበር። ነገር ግን ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እኔ ደንቆሮው በዚህ ዘንግ ከያዝኩ፣ አንተ በማንኛውም ነገር፣ በዣንጥላ ሽቦም ቢሆን የምትይዘው ሰው እንዴት አልያዘልህም? ሞክረህ ነው ወይስ ሳትሞክር? ሳትሞክር ብትሆን ኖሮ አይዝም አትልም ነበር፤ አንተ ያላየኸውን አትናገርም።

ደወልኩልህ። ደህና ነኝ ብለህ ስልኩን ለእትዬ ቦሰና ሰጠህ። እንደተለመደው። በማግስቱ ሊሚን ትምህርት ቤቷ እያለች ደውዬ ጠየቅኋት። እንዳትቆጣት፤ አስጨንቄ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፣ እሷም ያለቀሰችው ከነገረችኝ በኋላ ነው። ዘንጉን ከመስቀል በኋላ በየቀኑ ይዘህ ትወጣ እንደነበር ነገረችኝ። ዓሣው ሲነካ እንደማይሰማህ፣ ክሩን በግራ እጅህ ብታዞረውም ግራው እንደማያውቅ፣ መንጠቆው ባዶ እየተመለሰ ትሉ እንዳለቀ ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ወስደህ ቲማቲሙ መሐል ተከልከው። ክር ስለማይሆንልህ ደግሞ መረብ ይዘህ ጎህ ሳይቀድ ብቻህን እስከ ደረትህ እንደምትገባም ነገረችኝ። ሌላም ነገረችኝ፤ በጥቅምት መጨረሻ እግርህ ከድቶህ ፊላው ውስጥ ወድቀህ የሰፈሩ አጥማጆች እንዳወጡህ። አንተ ተንሸራተትኩ እንጂ አልወደቅኩም አልክ አሉ።

ሊሚን ካነጋገርኩ በኋላ ደብዳቤህን እንደገና አወጣሁት። ቃላቱን ቆጥሬ፣ አስምሬ፣ ተናድጄ፣ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ሳላይ ነበር የቀረሁት። የሊሚ ነው። አንተ ለእኔ ደብዳቤ ሌላ ሰው አስጽፈህ አታውቅም።

ስለዚህ ቁጣዬን አነሳሁ ማለት አይደለም፤ ቦታውን ቀየርኩት። ዘንጉን ቲማቲም ስላስደገፍክበት ከእንግዲህ አልቆጣም፤ እንዲያውም ዕቃው ከእኔ እጅ ይልቅ እዚያ ይጠቅማል። የምቆጣው ጣትህ እንደማይሰማ ለእኔ ሳትነግረኝ ስለቀረህ ነው። በራሴም እቆጣለሁ፤ ጣቱ ለማይሰማ ሰው ዘንግ ላክሁ። ይህ ስድብ ይመስላል። እንደዚያ ብታየው አልፈርድብህም።

አንድ ነገር ግን በትክክል እንድታየው እፈልጋለሁ። የምታውቀው ነገር ጣትህ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ ባቦጋያ ላይ አንድ ዓሣ እንኳ ባልያዝኩ ነበር። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ከጣትህ ወደ ጣቴ ተሻግሯል። ውሃው ምን ዓይነት ሲሆን ዓሣው የት እንደሚሄድ፣ ከዝናብ በኋላ የትኛው ፊላ ጥግ እንደሚሻል፣ ደቡቡ ነፋስ ሲነሳ ለምን ቶሎ መውጣት እንደሚገባ የምታውቀው በጭንቅላትህ ነው። እሱን ስትሮኩ አልነካውም። እስከ አሁን እንዴት አድርገህ እንደምትሰድበኝ እያየሁ ነውና አውቃለሁ።

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ልተወው። በጾም ወራት ግን ከተሜው ሁሉ ዓሣ እንደሚፈልግ፣ ጠዋት ጠዋት ዳርቻው በነጋዴ እንደሚሞላ፣ ያን ግርግር እየሰማህ ቤት እንደማትቀመጥ አውቅሃለሁ። ቲማቲሙ ለቤቱ ይበቃል፣ ሊሚም ሥራ አላት። አንተ የምትገባው ዓሣ ጠፍቶባችሁ አይደለም። ሰው ባጫ ዓሣ መያዝ ተወ እንዳይልህ ነው። ይህን እረዳለሁ፤ እኔም ጡረታ ሲደርስብኝ ጠመኔ ከኪሴ የማይጠፋ ሰው እንደምሆን ኢየሩ ካሁኑ ትናገራለች።

የምጠይቅህ ይህን ነው። ቅዳሜ ኅዳር 27 ቀን በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ጾሙ እስኪፈታም በየቅዳሜው እመጣለሁ፤ ርእሰ መምህራችንን ጠይቄ የቅዳሜውን የማጠናከሪያ ትምህርት ወደ እሑድ አዛውሬአለሁ። ዘንግ አልይዝም፣ መለኪያ አልይዝም፣ ደብተርም አልይዝም። አንተ ዳርቻው ላይ፣ ከፈለግህ ደግሞ ጀልባ ተውሰን እሱ ውስጥ ትቀመጣለህ። ክሩን እኔ እይዛለሁ። ጣቴ የሚሰማውን እነግርሃለሁ፣ ጠቅ አደረገ እልሃለሁ፣ ጎተተ እልሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ሳበው፣ ተወው፣ ልቀቀው ትለኛለህ። ስሳሳት እንደ ድሮው ሳቅብኝ። መረቡም ቢሆን፣ ውሃው ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ፤ ዋና የት እንደተማርኩ ታውቃለህና አታስብ። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ግን ብቻህን አትግባ። ይህ ምክር አይደለም። ልመና ነው፤ ለምኜህ ስለማላውቅ ላትለየው ትችላለህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ለእትዬ ቦሰና እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ የሚወዱትን አብሽና ጥቁር አዝሙድ ከኡሙሀኒ ሱቅ ይዤላቸው እመጣለሁ። ሊሚን ሳማት፣ አጎትሽ የአባትሽን አደራ አልረሳም በላት። ኢየሩ ጉንጭህን ስማ ሰላም ብላሃለች፣ ደብዳቤህንም አንብባ እንደሳቀች አልደብቅህም። ሮሐ በቅዳሜዎቹ በአንዱ ከእኔ ጋር መጥታ አጎቷ አባቷን ሲያርም ማየት ትፈልጋለች። አብዱልሰላምም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል፤ የዝዋይ ቆሮሶ ዳቦ ይወድ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብሎኛል።

መልስህን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። እስከ ሐሙስ ኅዳር 25 ቀን እጄ ይግባ፤ ለሚኒባስ ሹፌሮቹ ብትሰጥ በዕለቱ ይደርሳል። ሊሚ አትጻፈው፣ አንተ ራስህ ጻፈው፤ በግራ እጅህም ቢሆን፣ ፊደሉ ቢጣመምም፣ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅብህም። አንዲት «ና» የምትል ቃል ትበቃኛለች። አልፈልግም ካልክ ደግሞ ምክንያቱን ጻፍ። «ደህና ነኝ» የሚል ግን እንደ መልስ አይቆጠርም።

ታናሽ ወንድምህ
መሳይ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.